ጋስኬቱን መጨረሻ ላይ ምረጡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ መኪና እሽቅድምድም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለዚህ ስፖርት ብዙ ስለማይጻፍ ደስ ብሎኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ኮምፕሬሽኑ (ቤንዚንና አየሩ ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቅበት መጠን) ከፍ የተደረገ ሞተር የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ አካል፣ በብሎኩ፣ እና በላዩ በሚታሰረው ቴስታታ መሃል የሚገባውን ማተሚያ) የሚያቃጥለው ርካሽ ጋስኬት ስለሚገጠምለት ነው፣ ውዱ የብረት ጋስኬት ከተገዛ ችግሩ ያልቃል የሚል ነገር አለበት። ይህን አባባል ጋራዥ ውስጥም፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ ስገዛም ሁሌ እሰማዋለሁ። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን ይለያል። የሚያነበው ልጅ አምኖት ሄዶ ገንዘቡን ያወጣል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥራዬ ሞተር ነው። ለታክሲም ለቤት መኪናም እሠራለሁ፣ ለውድድር የሚያዘጋጁ ልጆችም ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የትኛው ጋስኬት ይሻላል?" ብለው ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ቴስታታው ፊቱ እንዲስተካከል ስንት ጊዜ ተልጧል? የብሎኩ ፊት ምን ይመስላል? በምን ብሎን ነው የሚታሰረው? ምን ቤንዚን ነው የምትቀዳው? የምትወዳደረው የት ነው? እነዚህ ሳይታወቁ ጋስኬት መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ልጆቹ ደግሞ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት አውቃለሁ፣ ከደሞዛቸው ቆጥበው ነው፤ ሞተራቸው አንድ ዙር ሳይጨርስ ውሃ ሲተፋ ሳይ ከልቤ ነው የማዝነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። የውድድር ልጆች የሚወዱትን የቶዮታን ፎር ኤጂኢ ሞተር እንውሰድ፣ ኮሮላ ኤኢ86 ላይ የነበረውን ባለ 1.6 ሊትሩን። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 81 ሚሊሜትር ነው፣ የፒስተኑ ጉዞ 77። ስለዚህ የአንዱ ሲሊንደር አፍ ስፋት 51.5 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። ቤንዚኑ ሲቀጣጠል ግፊቱ 90 ባር ቢደርስ ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ሲሊንደር ብቻ 4.7 ቶን ገደማ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ሲዞር ደግሞ ይህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ያንን ኃይል የሚሸከመው ጋስኬቱ አይደለም። ብሎኖቹ ናቸው። የጋስኬቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መሃል የቀረችውን ትንሽ ክፍተት መድፈን ነው። ብሎኖቹ በቂ ካልያዙ ቴስታታው በየፍንዳታው ይነሳል፣ ትንሽም ቢሆን ይነሳል፣ በዚያች ክፍተት የሚያመልጠው እሳት ደግሞ ውዱንም ርካሹንም ጋስኬት እኩል ይበላዋል።

ብሎን እንደ ላስቲክ ነው፣ የሚይዘው ተለጥጦ ነው። በቶርክ ቁልፍ (የምናዞርበትን ጉልበት በሚለካው) ስናጠብቅ አብዛኛው ጉልበታችን የሚሄደው ለሰበቃ ነው፣ ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ ሌላው ጥርሱ ላይ። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። ጥርሱ ዝገት ወይ የደረቀ ዘይት ካለበት ሰበቃው ትንሽ ይጨምራል፣ ያቺ 10 በመቶ ላይ ነው ጉዳቱ የሚያርፈው። ቁልፉ "ቀጭ" ብሎ ልክ ነው ይላችኋል፣ ብሎኑ ግን አልተለጠጠም። ለዚህ ነው ብዙ ፋብሪካዎች መጀመሪያ በትንሽ ቶርክ ካስያዙ በኋላ የቀረውን በዲግሪ አዙሩ የሚሉት። እንደዚያ ተለጥጦ የታሰረ ብሎን ሲፈታ ርዝመቱ ከተፈቀደው ካለፈ ይጣላል። ዋጋው ከጋስኬቱ ያንሳል፣ ግን ማንም መግዛት አይፈልግም፣ አሮጌውን በብሩሽ አጥቦ ይመልሰዋል። ከብሎን ይልቅ ስታድ (ራስ የሌለው፣ በዳዶ የሚታሰር) የምትገጥሙ ደግሞ አምራቹ የሰጠውን ቅባት ተጠቀሙ፣ የቶርኩ ቁጥር የተሰላው በዚያ ቅባት ነው። የብሎክ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይ ዘይት ተቀምጦ ብሎን ከገባበት ፈሳሹ መውጫ ስለሌለው ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል። በአየር ነፍታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ ጋስኬቱ ዓይነት እንምጣ። ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያው ከግራፋይት ወይም ከሌላ ለስላሳ ነገር የተሠራው፣ በሲሊንደሩ አፍ ዙሪያ የብረት ቀለበት ያለው ነው። ሰው ይንቀዋል። ግን ሸካራ ፊትን ይታገሳል፣ ትንሽ ጭረት ቢኖርም ይሞላዋል። ለቤት መኪና፣ ለመጠነኛ ኮምፕሬሽን በቂ ነው። ድክመቱ መላላቱ ነው፣ አንዳንዱ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና መጥበቅ ይፈልጋል። በተጨማሪ ከአሉሚኒየም የተሠራ ቴስታታ ሲሞቅ ከብረቱ ብሎክ በእጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ሁለቱ በሞቁና በቀዘቀዙ ቁጥር በላያቸው ላይ ይንሸራተታሉ፣ ይህ መፈተግ ለስላሳውን ጋስኬት ቀስ በቀስ ይቀደዋል።

ሁለተኛው ኤምኤልኤስ የሚባለው ነው፣ ማለትም ተደራርበው የተሠሩ ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ላሜራዎች። ላሜራዎቹ ላይ በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ጉብታ አለ፣ ቴስታታው ትንሽ ቢነሳም ጉብታው ተከትሎት ይነሳና ይዘጋል። መንሸራተቱንም ይችላል። ለዛሬ የውድድር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው ይህን ነው። ግን ላሜራ ስለሆነ ጭረት አይሞላም። ከላይ የተቀባው የላስቲክ ሽፋን በጣም ስስ ነው፣ በሺዎቹ የሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካ። ስለዚህ የሚቀመጥበት ፊት ለስላሳ መሆን አለበት፤ አምራቾች ባጠቃላይ ሸካራነቱ ከ50 ማይክሮኢንች፣ በማይክሮን ደግሞ 1.3 ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ፣ ብዙ ሞተር ሠሪዎች እንዲያውም ወደ 30 ያወርዱታል። ለስላሳው ጋስኬት ግን ከ60 እስከ 100 ያለውንም ይቀበላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በእጅ፣ በድንጋይና በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ፊት ላይ ውዱን ኤምኤልኤስ ብታስቀምጡበት ርካሹ ግራፋይት ይሻለው ነበር። እናንተ የጻፋችሁት ያልተሟላው ለዚህ ነው። ሲሊኮን የሚቀቡበትም አሉ፤ አምራቹ በደረቁ ግጠሙ ካለ በደረቁ ነው፣ ሽፋኑ ሥራውን ይሠራል፣ ሲሊኮኑ ተጨምቆ የውሃ መንገድ ይዘጋል።

ሦስተኛው መዳብ ነው። ይህ ስሙ ከሥራው በላይ የገነነ ነው። አሜሪካ ቶፕ ፊውል የሚባሉት በቀጥታ መስመር የሚወዳደሩ መኪኖች መዳብ ይገጥማሉ፣ ልጆችም ቪዲዮውን አይተው "እነሱ ከገጠሙ" ይላሉ። ግን የእነዚያን ሞተሮች ሁኔታ ተመልከቱ። ናይትሮሜቴን የሚባል የውድድር ነዳጅ ነው የሚያቃጥሉት፣ አየር በግድ ይሞላላቸዋል፣ ኮምፕሬሽን ሬሽዮአቸው (ቤንዚንና አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚናገረው ቁጥር) ዝቅ ያለ ነው፣ 7 ለ 1 አካባቢ። ብሎካቸው ውስጥ የሚዞር ውሃ የለም! ከ2008 ጀምሮ የሚሮጡት 1,000 ጫማ፣ 305 ሜትር ገደማ ነው፣ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል፣ ከዚያ ሞተሩ ይፈታል። መዳብ ግፊትን ይችላል፣ ውሃ ማተም ግን ይቸግረዋል፤ ደህና እንዲይዝ ብሎኩ ወይም ቴስታታው ላይ በሲሊንደሩ ዙሪያ ቦይ ተቆፍሮ የብረት ሽቦ ቀለበት ይቀመጥበታል። ውሃ ለሚዞርበት፣ ብዙ ዙር ለሚነዳ፣ ሰኞ ደግሞ ሥራ ለሚሄድበት መኪና መዳብ አትግጠሙ። ከዚህም የምትማሩት ሌላ ነገር አለ፣ ጋስኬት የሚመረጠው በኮምፕሬሽን ሬሽዮ ቁጥር ሳይሆን ሲሊንደሩ ውስጥ በሚፈጠረው ግፊት ነው። የእነሱ ሬሽዮ ከአንድ ተራ ኮሮላ ያንሳል፣ ግፊታቸው ግን ከኛ ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ ጋስኬት የሌለበት የውድድር ሞተርም ነበረ። ኦፈንሃውዘር ይባላል። ብሎኩና ቴስታታው በአንድ ላይ የተቀለጡ ናቸው፣ የሚቃጠል ጋስኬት ስለሌለው ተርቦ (አየር በግድ የሚሞላ መሣሪያ) ሲገጠምለትም ቻለ። ከ1947 እስከ 1964 በፈረንጅ አቆጣጠር የኢንዲያናፖሊስ 500ን ውድድር በየዓመቱ ያሸነፈው ይህ ሞተር ነው። ዋጋው ግን ቫልቭ ለመሥራት ቴስታታ ማንሳት አለመቻሉ ነው፣ ሁሉም በሥር በኩል ነው የሚደረሰው። ይህን ስሰማ ሁሌ ይገርመኛል።

ውፍረቱ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ፣ እዚህ ትንሽ ታገሱኝ። አሁንም በዚያው ሞተር እንስላ። የአንዱ ሲሊንደር መጠን 397 ሲሲ ገደማ ነው። ኮምፕሬሽኑ 10.3 ለ 1 ከሆነ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 42.7 ሲሲ ነው። የጋስኬቱ ቀዳዳ 82 ሚሊሜትር ሆኖ ታስሮ ሲጨመቅ ውፍረቱ ከቀድሞው በ0.4 ሚሊሜትር ቢቀንስ ከዚያ ቦታ 2.1 ሲሲ ይጠፋል። ኮምፕሬሽኑ ወደ 10.8 ይወጣል። በጋስኬት ብቻ! በላዩ ላይ ቴስታታው ከተላጠ ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ ጋስኬት የምትገዙት ውፍረቱን አውቃችሁ ነው፣ የሚቆጠረውም ሲጨመቅ ያለው ውፍረት ነው። ቴስታታው ዝቅ ሲል ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይቀርባል፣ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊዜም ትንሽ ወደ ኋላ ይዘገያል፣ እነዚህን ሳትለኩ አታስነሱት።

የተገላቢጦሹም ችግር አለው። ሞተሩ ኖክ ሲያደርግ (ቤንዚኑ ያለ ሥርዓት ፈንድቶ ሲመታ) "ወፍራም ጋስኬት እናድርግለት፣ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል" ይባላል። ሁሌም አይሠራም። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ጠፍጣፋው ጠርዙ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ጠርዝ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ እዚያ ያለው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ተጨምቆ ወደ ካንዴላው ይወረወራል፣ ቃጠሎውንም ያፈጥነዋል። ለዚህ ክፍተቱ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ወፍራም ጋስኬት አስገብታችሁ ክፍተቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ከተጠጋ ያ ውርወራ ይጠፋል፣ ጠርዝ ላይ የቀረው ድብልቅ ራሱን ያቀጣጥላል። ኮምፕሬሽን አውርዳችሁ ኖክ ልትጨምሩ ትችላላችሁ ማለት ነው። ኮምፕሬሽን ማውረድ ከፈለጋችሁ በፒስተን ምርጫ አውርዱት፣ ጋስኬቱን ለክፍተቱ ተዉት።

ኖክ ካልኩ አይቀር፣ የቴስታታ ጋስኬት ትልቁ ጠላት እሱ ነው። ድብልቁ በሥርዓት መቃጠሉን ትቶ በአንዴ ሲፈነዳ ግፊቱ እንደ መዶሻ ይመታል። የወለቀውን ጋስኬት አትጣሉት፣ አንብቡት። በሁለት ሲሊንደሮች መሃል ያለው ቀለበት ተጨፍልቆ ከሆነ፣ የፒስተኑ ጠርዝ በመርፌ እንደተወጋ ከሆነ፣ የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካሉ፣ ችግሩ ጋስኬቱ አይደለም። ቤንዚኑ፣ የእሳቱ ጊዜ (ካንዴላው የሚለኩስበት ቅጽበት) ወይም የቤንዚንና አየር መጠኑ ነው። እሱ ሳይስተካከል የሚገጠመው አዲሱ ጋስኬትም ያው መንገድ ይሄዳል።

አዲስ አበባ የሚኖር ሞተር ሠሪ በተለይ ሊጠነቀቅ የሚገባው ደግሞ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ 11 ለ 1 የሆነ ሞተር በኛ ቤንዚን ምንም ሳይመታ ይሄዳል፣ ልጆቹም "አየኸው፣ ቻለው" ይላሉ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ይዘውት ይወርዳሉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከአዲስ አበባው 15 በመቶ ያህል ይበልጣል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ያው ሞተር፣ ያው ጋስኬት፣ ያው የእሳት ጊዜ፣ ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሞላው አየር ሌላ ነው፣ ግፊቱም ሌላ። ጋስኬቱ እዚያ ሲቃጠል "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይባላል። አይደለም። ሞተሩ የተሰናዳው ለእንጦጦ አየር ነበር። ወደ ቆላ ወርዳችሁ የምትወዳደሩ ከሆነ ኮምፕሬሽኑንም የእሳቱንም ጊዜ ለዝቅተኛው ቦታ አስቡት፣ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ጉልበት ብታጡም ግድ የለም።

ከፍታው ውሃውንም ይነካል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው የክዳኑ ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ውሃው በቴስታታው ውስጥ፣ የጭስ መውጫው ቫልቭ አጠገብ፣ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ብረቱን ማቀዝቀዝ አይችልም፣ ቴስታታው እዚያው ይጣመማል። ብዙ ሺህ ብር የወጣበት ሞተር በአንድ ያረጀ ክዳን ይበላሻል። ክዳን ቀይሩ።

ቴስታታ መጣመሙ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፣ በቀጥ ብረትና በስፔሲሜትሮ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ላሜራዎች) ነው። የፎር ኤጂኢ ዓይነት ቴስታታ ላይ ገደቡ 0.05 ሚሊሜትር ነው፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ብሎኩንም ለኩት። ሁሉም ቴስታታውን ብቻ ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት ይሮጣል፣ ብሎኩ ግን ሁለት ሲሊንደሮች መሃል ላይ ሰርጉዶ መኪናው ላይ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ጥያቄም ስላለኝ ነው፣ በጋዜጣችሁ በኩል ለቶርኖ ቤት ባለሙያዎች ይድረስልኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ ቴስታታዎች ሌላ መተኪያ እየጠፋላቸው ነው፣ ለውድድር ብቻ ሳይሆን ለታክሲውም። አንድ ቴስታታ በሦስት ባለቤት እጅ ሦስት ጊዜ ተልጦ ይመጣል፣ ማን ምን ያህል እንደላጠው ግን የሚነግረን የለም። እባካችሁ ልጣችሁ ስትመልሱ ስንት ሚሊሜትር እንዳነሳችሁና የፊቱ ልስላሴ ስንት እንደሆነ በወረቀት ስጡን። መለኪያው የሌላችሁ ቢያንስ ሚሊሜትሩን። ያኔ ኮምፕሬሽኑን አስልተን፣ ትክክለኛውን ውፍረት አውቀን ሱቅ እንሄዳለን። ወረቀት ደግሞ ስለሚጠፋ ቁጥሩን ቴስታታው ጎን ላይ፣ ጋስኬት የማይነካው ቦታ፣ በብረት ቁጥር መምቻ ብትመቱት ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞተር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ